ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይስ ሐይቅ ዳር? በመጠነኛ ዋጋ አልጋ ለሚይዝ ሰው

ለመዝናናትም ይሁን ለጉዳይ ወደ ወሎ የሚመጣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ንጹሕና ርካሽ አልጋ የት ይገኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተዛብቷል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በደሴ በኩል ሐይቅ ከተማ እስኪደረስ ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሦስቱም ቦታ ለኪስ የሚስማማ ማደሪያ አይጠፋም። ቦታዎቹን የሚለያያቸው ከዋጋው ይልቅ አየሩ፣ ውሃው፣ ጩኸቱና በማግስቱ የሚጠብቃችሁ ጉዳይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ነገ ጠዋት የት መገኘት አለብኝ?» በሉ። አልጋው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የእኔን ፍርድ ከወዲሁ ልናገር። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ሐይቅ ዳር ዋሉ እንጂ አትደሩ። ማደሪያችሁን ደሴ አድርጉት። ሕፃን ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ይዛችሁ ከሆነ፣ አለዚያም በጠዋት አውሮፕላን የምትሳፈሩ ከሆነ ደግሞ ኮምቦልቻ ይሻላችኋል። የደሴ ልጅ ስለሆነ ያዳላል የሚለኝ አይጠፋም፤ ትንሽ አዳላለሁ። ቢሆንም ምክንያቴን አንብቡትና ራሳችሁ ፍረዱ። ሐይቅ ዳር ማደር የሚያዋጣባቸው ቀናትም አሉ፣ ወደ እነሱ እመጣለሁ።

አየሩን አስቀድሙ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው የተቀመጠችው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በሁለቱ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢኖርም የሐረጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ስትወጡ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ደሴ ሲወርድ ጃኬቱን ከሻንጣው መፈለግ ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይማ ጉሙ ወርዶ ተራራውን ይሸፍነዋል፤ የታጠበ ካልሲም በአንድ ሌሊት አይደርቅም።

ይህ ነገር አልጋ አያያዝ ላይ በቀጥታ ይገባል። ደሴ ላይ ሙቅ ውሃና ሁለተኛ ብርድ ልብስ ቅንጦት ተብለው የሚታለፉ አይደሉም፤ በእነሱ ላይ ገንዘብ መጨመር ያዋጣል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ለሙቅ ውሃ ብላችሁ ብር ባትጨምሩ አይቆጫችሁም። እዚያ የሚፈለገው መስኮቱ የሚከፈት ክፍል፣ ቢቻል ቬንትሌተር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልተቀደደ አጎበር ነው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው፤ ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ናት፣ ሐይቅም እዚያው መስመር አካባቢ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየቦታው ባቆረበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የምትመጡ ከሆነ አጎበር የሌለውን ክፍል በነጻ ቢሰጧችሁም እለፉት፤ አለዚያም የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።

ደሴ ውስጥ የት?

አብዛኛው እንግዳ መሃል ከተማን ይመርጣል፣ አልተሳሳተም። ፒያሳና ዙሪያው ሁሉም ነገር በእግር ይደረስበታል፤ ባንኩ፣ ምግብ ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ታክሲው። ከጣሊያን ዘመን የተረፉ ሕንፃዎችን እያዩ ለመዞርም ይመቻል። ዳር ዳሩን ከያዛችሁ ዋጋው ይቀንሳል፣ ጸጥታውም ይጨምራል። ደሴ ግን ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ስላልሆነች ዳገቱን አስቡበት። «ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ ነው» የተባለላችሁ ፔንሲዮን ወደ ጦሳ በኩል ከሆነ አምስቱም ደቂቃ ሽቅብ ነው፤ ዝናብ እየወረደ ሻንጣ ይዞ የወጣው ያውቀዋል። ያን ጊዜ ኮንትራት ባጃጅ መያዝ ግድ ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በመሃልና በዳር አልጋ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከደርሶ መልስ ኮንትራት ባጃጅ ካልበለጠ ትርፍ የለውም፣ መሃሉን ያዙ። በዚያ ላይ ባጃጆች ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ እንደ ጊዜው ስለሚለያይ የዕለቱን ሁኔታ ጠይቁ።

መናኸሪያ ዙሪያ ያሉት አልቤርጎዎች ከሁሉም ርካሽ ናቸው። ማታ ደርሶ ሌሊት የሚወጣ መንገደኛ ከዚያ የተሻለ አያገኝም፤ ከአልጋው ወርዶ አውቶቡስ ላይ ነው የሚወጣው። ሁለትና ሦስት ቀን ለሚቆይ ሰው ግን አልመክርም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ የረዳቱ ጥሪ፣ የሞተሩ ማሞቂያ፣ ዕቃ የሚጭነው ሰው ንግግር ሁሉ ክፍላችሁ ውስጥ ገብቶ ያድራል። መኝታ ክፍሎቹ ግቢውን ከበው የተሠሩ፣ ሽንት ቤቱና ሻወሩ የጋራ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ቡና ቤት ወይም መጠጥ ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ባለቤቷ ራሷ የምትውልበት ከሆነ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፤ ለተቀጣሪ የተተወ ከሆነ ግን ፈርዶባችኋል።

ፔንሲዮን የሚባለው መሃከለኛው ምርጫ ነው፤ ከታች ሱቅ ወይም ባንክ፣ ከላይ ሁለትና ሦስት ፎቅ አልጋ። ሊፍት አትጠብቁ። የራሱ ሻወር ያለው ክፍል፣ ቴሌቪዥን፣ አንዳንዴ ዋይፋይ ታገኛላችሁ። እንደኔ እንደኔ በመጠነኛ ብር ደሴ ላይ ጥሩ እንቅልፍ የሚገኘው መጠጥ በማይሸጥ ፔንሲዮን ነው። ሙስሊም ቤተሰቦች ይህንን ቀድመው ነው የሚጠይቁት፤ ሌላውም ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፣ መጠጥ የሌለበት ቤት ሌሊት ሙዚቃ የለበትም። አንድ ነገር ግን ሳይታፈር መጠየቅ አለበት፤ ለሰዓት የሚያከራይ ቤት ነው ወይስ አይደለም? «ሾርት» የሚያስገባ ፔንሲዮን ሌሊቱን ሙሉ በር ይንኳኳበታል፣ አንሶላውም ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀየር እግዜር ነው የሚያውቀው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ሪሴፕሽኑ ላይ ሌሎች ቤተሰቦች አርፈው እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱንም ልብ በሉ።

ምግብ ቤት ያለው ሆቴል ከፔንሲዮኑ ይወደዳል፤ ቁርስ የተጨመረበት ከሆነ ግን ልዩነቱ ከሚመስለው ያንሳል። ለአራትና ለአምስት ሰው ቡድን ደግሞ ዕቃ የተሟላለት የሚከራይ ቤት መፈለግ ይበጃል፤ ወጥ ቤት ስላለው የምግብ ወጪውንም ያቀልላል።

ወደ ደሴ ከሚመጣው ሰው ቀላል የማይባለው ሕመምተኛ ይዞ የሚመጣ ነው፤ የእሱ ምርጫ ከሌላው ሁሉ ይለያል። አስታማሚ ሌሊት ለመድኃኒት ይጠራል፣ ጠዋት አጥሚት አድርሶ ይመለሳል፣ ከሰዓት ልብስ ያጥባል። ለእሱ ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ አልጋ፣ ክፍሉ ደከም ያለ ቢሆን እንኳ፣ መሃል ከተማ ካለው ያማረ ክፍል ይበልጥበታል። የሚጠየቀውም የተለየ ነው፤ በሳምንት ስንት ነው? ጠዋት ፔርሙዝ የሚሞላ ሙቅ ውሃ ከወጥ ቤቱ ይሰጣሉ? ያጠብኩትን የማሰጣበት ቦታ አለ? ሌሊት በሩን የሚከፍት ሰው አለ? ለአስታማሚ ዋጋ የሚቀንሱ ቤቶች ስላሉ ምክንያታችሁን ሳትደብቁ ንገሯቸው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሆነ ጉዳያችሁ ደግሞ ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ፣ በየቀኑ ከመመላለስ መጀመሪያ እዚያው አካባቢ የሚከራይ ክፍል መኖሩን አጣሩ።

ስለ ሌሊቱ ድምፅ አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ጎን ለጎን የሆነባት ከተማ ናት፤ ንጋት ላይ አዛኑም ቅዳሴውም በድምፅ ማጉያ ይሰማል። የአገሬው ሰው በዚህ ድምፅ ሰዓቱን ያውቅበታል እንጂ አያማርርም። እንቅልፋችሁ ስስ ከሆነ ግን መንገዱን ሳይሆን ጓሮውን የሚያይ ክፍል ጠይቁ፤ በጾም ወቅትና በረመዳን ደግሞ ድምፁ በርከት እንደሚል አውቃችሁ ግቡ።

ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ

ይህ ለሦስቱም ከተማ የሚሠራ ነው። ደላላ ይዟችሁ ከመጣ የእሱ ድርሻ አልጋው ላይ መጨመሩን አትርሱ፤ ቢቻል ብቻችሁን ግቡ። ቁልፉን ተቀብላችሁ ውጡ፣ እዩ፣ ከዚያ ተነጋገሩ።

መጀመሪያ ሻወሩ። ተቀባይዋ «ሙቅ ውሃ አለን» ስትላችሁ «እሺ እህቴ፣ እስኪ እንክፈተው» በሉ። ማሞቂያው ላይ ያለችው ቀይ መብራት መብራቷን እዩ። ካልበራች ማብሪያው የት እንዳለ ጠይቁ፤ አንዳንድ ቤት ማብሪያውን ኮሪደር ላይ ያደርገዋል፣ እንግዳው አብርቶ እንዳይረሳው። በርቶ ከሆነ ቧንቧውን ከፍታችሁ እጃችሁን ከሥሩ አድርጉና ጠብቁ። መጀመሪያ የሚመጣው ቀዝቃዛ ነው፣ ይህ ያለ ነው፤ ቆይቶ ለብ ብሎ እዚያው ከቀረ ግን በደሴ ብርድ ጧት ጧት ከቀዝቃዛው ብዙም አይለይም። የውሃውን ጉልበትም ልብ በሉ። ክር እያከለ የሚወርድ ከሆነ ውሃው ላይኛው ፎቅ አልደረሰም ወይም ሮቶው ሊያልቅ ነው፤ አንድ ፎቅ ዝቅ ያለ ክፍል ጠይቁ። ቀጥላችሁ «የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ሮቷችሁ ስንት ቀን ያቆያል?» በሉ። «አይጠፋም» የሚል መልስ ከሰማችሁ ባልዲው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መኖሩን እዩ፤ ትልቅ ባልዲና ጆግ ተሞልቶ የተቀመጠበት ክፍል ውሃ ይጠፋል ማለት ነው። አይክፋችሁ፤ አስቦ ያስቀመጠው ካላስቀመጠው ይሻላል።

ከዚያ አልጋው። ብርድ ልብሱን ገልጣችሁ አንሶላውን እዩ፣ ትራሱን አሽቱ። የፍራሹን ጠርዝ ከፍ አድርጋችሁ ስፌቱን ብታዩ ደግሞ ትኋን ያለበት ቤት በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦቹ ይታወቃል። እንዲህ ከሆነ ክፍል ለመቀየር አትከራከሩ፤ ቤቱን ለቃችሁ ሂዱ። መሃሉ የሰመጠ ስፖንጅ ፍራሽ ለአንድ ሌሊት ይቻላል፣ ለሦስት ሌሊት ግን ወገብ አይችለውም።

መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሠራል? ሶኬቱ ስልክ ይሞላል? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ ወይስ ሻማ ነው የሚሰጡት? ጀነሬተር ካለ የት ነው የቆመው? ከመስኮታችሁ ሥር ከሆነ ባይኖር ይሻል ነበር ያሰኛል። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ግን ደክሞት ስለሚገባ አያየውም።

ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ የሥራ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። የደሴ መንገደኛም በአውሮፕላን የሚሳፈረው እዚያው ኮምቦልቻ ነው። በዚህ የተነሳ የሆቴሉ ደንበኛ ከደሴው ይለያል፤ አበል ተቆርጦለት የመጣ ሠራተኛ፣ ኢንጂነር፣ ነጋዴ፣ ሹፌር። አበል የሚከፈለው ሰው ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ደረሰኝ የሚሰጡት ሆቴሎች ዋጋቸውን በእሱ አቅም ነው የሚያወጡት። በራሱ ኪስ የሚያድር ሰው ወደ ፔንሲዮኖቹ ጎራ ቢል ይሻለዋል።

የኮምቦልቻ ትልቁ ጉድለት የጭነት መኪና ነው። ከተማዋ የአዲስ አበባው፣ የደሴውና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ መገናኛ ናት። ዋናው አስፋልት ዳር ያለ ክፍል ከያዛችሁ ተሳቢው ማርሽ ሲቀይር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ከዘጠኝ ሰዓትም። ሹፌሮች ራሳቸው እንኳ መኪናቸውን አቁመው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቤት ነው የሚያድሩት። የእነሱን አርአያ ተከተሉ፤ ከአስፋልቱ ሁለትና ሦስት ቅያስ ገባ በሉ። ኮምቦልቻ ለጥ ያለች ስለሆነች ገባ ማለት እንደ ደሴ ዳገት አያስወጣችሁም።

ታዲያ ኮምቦልቻን መቼ ልምረጥ? ጠዋት በረራ ካላችሁ ጥያቄ የለውም። ጉም በወረደበት ቀን ሌሊት ተነስቶ ሐረጎን ቁልቁል መውረድ እንኳን ለተሳፋሪ ለሹፌሩም አይመች። አስም ያለበት ወይም ብርድ የማይስማማው አዛውንት ካለ፣ ሕፃን ካለ፣ ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ሌሊቱ ይቀልላቸዋል። የባቲን ገበያ ማየት ለሚፈልግም እንዲሁ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትርቃለች፤ እሑድ ማታ ኮምቦልቻ ያደረ ሰው ገበያው ሳይሞቅ ይደርሳል፣ ፀሐዩም ሳይከር ይመለሳል። ከደሴ የሚነሳ ግን የሐረጎን መንገድ በዚያ ላይ ይጨምራል። ከዚህ ውጭ ለመዝናናት ብቻ ለመጣ ሰው ኮምቦልቻ ማደር ብዙ ትርፍ የለውም ባይ ነኝ፤ የኮምቦልቻ ወዳጆቼ እንዳይሰሙኝ።

ሐይቅ ዳር

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሎጎ ሐይቅ ከከተማዋ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ በተራራ ተከቦ ተኝቷል፤ በባጃጅ ይደረሳል። ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ በበዓል ማግስት፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ወደዚያው ነው የሚጎርፈው። ሙሽሮች ለፎቶ ይመጣሉ፣ ሚኒባሶች ተደርድረው ይቆማሉ፣ ከየአቅጣጫው ስፒከር ይጮኻል። ዘይት ውስጥ የገባው ቆሮሶ የሚባለው አሳ ሲንጫጫ፣ ሚጥሚጣና ሎሚው ሲቀርብ፣ ያን ጊዜ እዚያ መዋልን የመሰለ ነገር የለም። አሳውን እጃችሁ እስኪለምደው ትንሽ አብርዱት፤ አጥንቱ ይቀልላችኋል። በጾም ወራትም አሳ ፈላጊው ስለሚበዛ በጊዜ እዘዙ፣ ዘግይቶ የደረሰ ትንንሹ ነው የሚደርሰው።

ለማደር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ውሃው ዳር ያለ አልጋ ጥቂት ነው፤ ጥቂት በመሆኑም በዕረፍት ቀን ዋጋው ከፍ ይላል፣ ያም ሆኖ የምትከፍሉት ለክፍሉ ሳይሆን ለቦታው ነው። በዚያው ብር ደሴ ላይ የተሻለ ሻወር፣ የተሻለ ፍራሽ፣ ሲጎድልም አማራጭ ታገኛላችሁ። ሐይቅ ላይ ክፍሉን ካልወደዳችሁት አጠገቡ ሌላ የለም። ምሽት ላይ ደግሞ ሙዚቃው እስኪበቃው ድረስ እንቅልፍ አይታሰብም። ከተማዋ ውስጥ ያሉት ማደሪያዎች ረከስ ይላሉ፤ ግን ሐይቁን አታዩም፣ አላያችሁም ማለት ደግሞ ደሴ ማደርና እዚያ ማደር ልዩነቱ ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ነው ዋሉ እንጂ አትደሩ የምለው። ጠዋት በሚኒባስ መጥቶ ከሰዓት 10 ሰዓት ሳይሞላ መመለስ ይቻላል፤ እሑድ ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ተመላሹ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚነሳ ወንበር ለማግኘት ትሻማላችሁ።

አሁን ማደር የሚያዋጣበትን ልንገራችሁ። አንደኛው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው። ያን ጊዜ ሰው ስለሌለ ክፍሉም ይረክሳል፣ ስፒከሩም ይዘጋል፣ ጠዋት ወፉንና ዓሣ አጥማጁን ብቻ ታያላችሁ። ሁለተኛው ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ብሎ የመጣ ሰው ነው። ገዳሙ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ትልቅ የትምህርት ማዕከል የነበረ ነው፤ ድሮ ደሴት ነበር ይባላል፣ አሁን በየብስ ተያይዟል። በማለዳ ለመድረስ የሚፈልግ ሐይቅ ቢያድር ይቀናዋል። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እወቁ፤ ገዳሙ የወንዶች ነው፣ ሴቶች አይገቡም። ወንድና ሴት ሆናችሁ ከመጣችሁ ሴቶቹ የሚቆዩበትን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ በር ላይ ደርሶ መጨቃጨቅ ለማንም አይመች። የኢየሱስ ሞዐ በዓል ኅዳር 26 ስለሆነ በዚያ ሰሞን አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ።

ልጆች ካሏችሁ ስለ ውሃው አደራ። ሎጎ ሐይቅ ጥልቅ ነው፤ ጥልቁ ቦታ 88 ሜትር ይደርሳል። ዳሩ ጸጥ ብሎ ስለታየ ገብቶ መንቦጫረቅ ያምራል፤ ዋና የማይችል ሰው ግን እግሩን ነክሮ ይብቃው። ማደሪያ ስትመርጡም ግቢው ከውሃው የተከለለ መሆኑን እዩ፤ ክፍሉ በረንዳው ውሃው አፍ ላይ ነው ተብሎ ሲወደስ የሁለት ዓመት ሕፃን ለያዘ ሰው ሙገሳ አይደለም።

አልጋ የሚጠፋባቸው ቀናት

ከሁሉም የሚበረታው መስከረም ነው። የግሸን ማርያም ንግሥ መስከረም 21 በመሆኑ ከመስቀል ጀምሮ ምእመኑ በአውቶቡስ እየሆነ ይገባል፤ ደሴ ላይ በሌላ ጊዜ ባዶውን የሚያድር አልቤርጎ እንኳ ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ያነጥፋል። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይወጣል። በዚያ ሳምንት ለግሸን ያልመጣችሁ ከሆነ ጉዞአችሁን አዘዋውሩ፤ ለግሸን የመጣችሁ ከሆነ ደግሞ ደሴ ሞላ ብላችሁ መንገድ ላይ አትደሩ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ያን ጊዜ ነው የሚጠቅሟችሁ። በወሎ የታወቀ የሙስሊሞች ስፍራ በሆነው በጀማ ንጉሥ መውሊድ በሚከበርበት ሰሞንም እንዲሁ እንግዳው ይበዛል። የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ሌላው ነው፤ ቀኑ ሲነገር ወላጅ ሁሉ በአንድ ቀን ስለሚደውል ዘግይቶ የደወለ ዘመድ ቤት ነው የሚያድረው። ጥርና ሚያዝያ የሠርግ ወር ናቸው፤ ሰፊ አዳራሽ ያለው ሆቴል ውስጥ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት ቅዳሜ ሠርግ እንዳለበት ጠይቁ።

በስልክ አልጋ ስትይዙ «ይያዝልኝ» ብሎ መዝጋት ብቻውን ዋጋ የለውም። ግርግር ባለበት ቀን በር ላይ ብር ይዞ የቆመው ይቀድማችኋል። በቴሌብር ወይም በባንክ ቀብድ ላኩ፣ ለማን እንደላካችሁ ስሙን ጠይቁ፣ የክፍያውን መልእክት አታጥፉ፤ የክፍሉን ዋጋም በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ አድርጉ። «በስልክ የተነገረኝ ይህ አልነበረም» የሚባለው ክርክር በጽሑፍ ካልሆነ አያልቅም። የመንገዱንም ሁኔታ በዚያው ስልክ ጠይቁ፤ የሆቴሉ ሰው ከማንም በፊት ያውቀዋል።

ስለ ዋጋ

ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ወር ውሸታም እሆናለሁ። አጠያየቁን ግን ልንገራችሁ። «አልጋ ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ። «ለሁለት ሰው፣ ሻወር ያለው፣ ቫትና ሰርቪስ ተጨምሮ፣ ከነቁርሱ ስንት ነው?» በሉ። ቫቱ 15 በመቶ ነው፤ እሱን ሳይጨምር የተነገራችሁ ዋጋ ጠዋት ሒሳብ ስትዘጉ ሌላ ሆኖ ይመጣል። ትንንሾቹ ቤቶች ላይ ይህ የለም፤ የተባለው የተባለ ነው። ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች አንድ አልጋ ላይ ሲያድሩ ጭማሪ የሚጠይቁ ቤቶች ስላሉ ይህንንም አስቀድማችሁ ጨርሱ።

መከራከር ነውር አይደለም፤ አከራከሩ ነው። «ኧረ በእናትሽ፣ ሦስት ቀን ነው የምንቆየው፣ እስኪ አስተያየት አድርጊ» የሚለው ከመቆጣት የተሻለ ይሠራል። ዋጋው አልቀንስ ካለ ሌላ ነገር ጠይቁ፤ ጓሮውን የሚያይ ክፍል፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ ልጁ በነጻ እንዲተኛ። ገንዘቡን ባይለቁ ይህንን ይለቃሉ። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ ዋጋውን የሚጠይቀው የአገር ቤቱ ሰው ይሁን፤ ምክንያቱን ማብራራት አያስፈልገኝም። መታወቂያ የሌለው ሰው አልጋ ስለማይሰጠው የሁላችሁም በእጅ ይሁን።

የመውጫ ሰዓትም ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዱ ጠዋት 4 ሰዓት ይላል፣ ሌላው 6 ሰዓት። ከሰዓት የምትሳፈሩ ከሆነ ሻንጣችሁን ሪሴፕሽኑ ጋ ትታችሁ መዞር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ አብዛኞቹ እምቢ አይሉም፣ ላፕቶፕና ገንዘብ ግን ከእናንተ ጋር ይሁን። ሌሊት 11 ሰዓት ለሚነሳ አውቶቡስ ከሆነ ሒሳባችሁን ማታውኑ ዝጉ፣ ደረሰኝ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነም ያን ጊዜ ተቀበሉ፤ በዚያ ሰዓት ገንዘብ ያዡ አይገኝም። ዘበኛውን በስንት ሰዓት እንደምትወጡ ንገሩት፣ የሚያውቀው ባጃጅ ካለም ዋጋውን ማታ አስጨርሱት።